እጄ ላይ ያለው ሙያ ስንት ዓመት ይቀረዋል?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ፤ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከላስ ቬጋስ ነው። ካሲኖ ውስጥ ዲለር (ጠረጴዛ ላይ ቁማሩን የሚያስኬድ፣ ካርታ የሚያድል) ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 12 ዓመት አልፎኛል። የማድለው ብላክጃክና ሩሌት ነው። ባለቤቴ ድሮ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። ቤት የገዛነው በሁለታችን ገቢ ተማምነን ነው፤ አገር ቤት ያለችውን እናቴንም የምጦረው ከዚሁ ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከምሠራበት የጠረጴዛ ክፍል አጠገብ የነበሩት አራት ጠረጴዛዎች ተነሥተው ስክሪን የተደረደረበት ማሽን ገብቷል። አንዲት ዲለር መሃል ቆማ ሩሌቱን ታሽከረክራለች፣ ተጫዋቹ ስክሪን እየነካ ይጫወታል። አለቆቻችን ‹ማንም ከሥራ አይወጣም› ብለውናል፤ እውነትም የተባረረ የለም። ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ‹ኧርሊ አውት (ሰዓቱ ሳይሞላ ያለ ክፍያ መውጣት) የሚፈልግ አለ?› ይባላል፣ ፈቃደኛ ሲጠፋ በተራ ወደ ቤት ይልኩናል። ፍሎር ሱፐርቫይዘር (ጠረጴዛዎችን የሚቆጣጠር) ለመሆን ላመልክት ወይ? ጓደኛዬ ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ በካሜራ ፊት ለኢንተርኔት ተጫዋቾች የሚታደልበት ቤት አለ፣ እዚያ እንሂድ ትለኛለች።

ከሁሉ የጨነቀኝ የታናሽ እህቴ ነገር ነው። በዲቪ መጥታ ከኛ ጋር ናት፣ 23 ዓመቷ ነው። ዲለር ትምህርት ቤት ላስገባት፣ ክፍያውንም ልሸፍንላት ቃል ገብቼላታለሁ። አሁን ግን ወደሚፈርስ ቤት የማስገባት መስሎ ተሰማኝ። ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን ያዋየኋት አንዲት ሴትም ‹የቁማር ቤት እንጀራ ነው፣ እግዚአብሔር ሲዘጋው ነው› አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ምን ይመክሩኛል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከላስ ቬጋስ»

እህቴ፣ መልሱን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ ሥራሽን አትልቀቂ፤ ለእህትሽ ያሰብሽውን ገንዘብ ግን ለዲለር ትምህርት ቤት አትክፈዪ። ሁለቱ ምክሮች የሚጋጩ ሊመስልሽ ይችላል። የመጡት ግን ከአንድ ምክንያት ነው፦ ይህ ሙያ በአንድ ቀን አይጠፋም፣ እየሳሳ የሚሄደውም ከሥር ነው። አንቺ ከላይኛው እርከን ላይ ነሽ፤ እህትሽ ግን የምትገባው ከታች ነው።

ስለዚህ ነገር የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉንም ሮቦት ይወስደዋል» ይላል። ሌላው «ሰው ከሰው ጋር ነው የሚቆምረው፣ ዲለር መቼም አይቀርም» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሬይና ኦዝቦርን የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 702 የሥራ ዓይነቶችን መዝነው፣ የካሲኖ ዲለርነት በኮምፒውተር ሊተካ የመቻል ዕድሉ 96 በመቶ ነው ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፣ አንቺም ዛሬ ካርታ ታድያለሽ። ጥናቱ የጠየቀው ማሽን ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ ብሎ ነው። ካሲኖውን ያዋጣዋል ወይ፣ ተጫዋቹስ እሺ ይላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የአንቺን ኑሮ የሚወስነውም ይኸኛው ነው።

በላስ ቬጋስ ማሽን የሰው እጅ ሲተካ የመጀመሪያው አይደለም። ቀደም ብለው የገቡ ወገኖቻችን እንደሚያስታውሱት፣ የስሎት ማሽን በሳንቲም ይሠራ በነበረበት ጊዜ ዝርዝር ወገባቸው ላይ ታጥቀው በማሽኖቹ መሃል የሚዞሩ፣ ሳንቲም የሚሞሉና የሚቆጥሩ ብዙ ሠራተኞች ነበሩ። ከ2000 ወዲህ ማሽኖቹ በሳንቲም ፈንታ ባርኮድ ያለበት ቲኬት ማውጣት ሲጀምሩ ያ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ። የካርታ መበወዣው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሹፍለር በየጠረጴዛው ሲገባ ዲለር አልተባረረም። በእጅ መበወዙ ስለቀረ በሰዓት የሚታደለው ጨዋታ በዛ፣ ካሲኖው አተረፈ፣ ዲለሩ ደግሞ እጁ ሳያርፍ መሥራት ጀመረ። እኔ ከሁለቱ የማየው ይህንን ነው፦ ማሽኑ ከሥራው አንድ ክፍል ብቻ ሲወስድ ሥራው ይፈጥናል፤ ገንዘቡ የሚተላለፍበትን መንገድ ሲለውጥ ግን በመሃል የነበረው ሰው ይወጣል።

አጠገብሽ የገባው ስክሪን ሁለተኛው ዓይነት ነው። እዚያ ቺፕስ (በገንዘብ ፈንታ የሚታሲዘውን ጠፍጣፋ) የሚቆርጥ፣ የሚሰበስብ፣ የሚከፍል እጅ የለም። አንቺ ሩሌት ላይ አንድ ቁጥር ወጥቶ 17 ቺፕስ ተደርድሮበት ስታገኚ፣ 17 ጊዜ 35 ብለሽ፣ 595 መሆኑን በልብሽ ይዘሽ፣ እየቆለልሽ ወደ ተጫዋቹ ትገፊለታለሽ። ተጫዋቹም ከገፋሽለት ላይ አንድ ሁለቱን መልሶ «ለዲለሯ» ይላል። ስክሪኑ ላይ ሒሳቡ በቅጽበት ያልቃል፣ ተጫዋቹ እጅ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም፣ ስለዚህ ቲፑም አብሮ ይመነምናል። ደመወዝሽ ከዝቅተኛው ክፍያ ብዙም እንደማይርቅ፣ ቤቱን የያዘው ቲፑ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በብዙዎቹ ካሲኖዎች የ24 ሰዓቱ ቲፕ ተሰብስቦ ስለሚከፋፈል፣ አንቺ ስክሪኑ ላይ ባትመደቢም ጉዳቱ ይደርስብሻል።

ነገሩን በአለቃ ዓይን ካየሽው ወዴት እንደሚሄድ ይገባሻል። አንድ ሰዓት ሠርቶ 20 ደቂቃ በሚያርፍ ተራ፣ ሦስት ጠረጴዛ ለማስኬድ አራት ዲለር ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ፍሎር አለ። ጠረጴዛው ላይ 10 ዶላር የሚያሲዙ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀመጡ ይህ ወጪ አይመለስም። ስለዚህ ካሲኖዎቹ ትንሹን ውርርድ ወደ 15ና 25 ዶላር ከፍ አደረጉት። ብላክጃክ ላይ በብዙ ጠረጴዛ የ3 ለ 2ን ክፍያ በ6 ለ 5 ተኩት፤ 15 ዶላር አሲዞ ብላክጃክ የመጣለት ሰው 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገኝ የነበረው አሁን 18 ዶላር ይሰጠዋል። ሩሌት ላይ ሦስተኛ ዜሮ አስገቡና የቤቱ ድርሻ ከ5.26 ወደ 7.69 በመቶ ወጣ። በ5 ዶላር መጫወት የሚፈልገውን ጎብኚ ደግሞ ወደ ስክሪኑ ላኩት። ከእንግዲህ ሰው የሚያድልበት ጠረጴዛ ትልቅ ገንዘብ ለሚያሲዝ ሰው እየሆነ ነው።

መሃል ከተማ፣ ፍሪሞንት ጎዳና ላይ ያለውን ጎልደን ጌት ታውቂዋለሽ፤ በ1906 የተከፈተ፣ ከከተማው ሆቴሎች ሁሉ አንጋፋው ነው። በ2025 በሰው ዲለር የሚሠሩትን ጠረጴዛዎች አንሥቶ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ዞረ። ዲለሮቹ በዚያው ባለቤት ሌሎች ካሲኖዎች እንዲሠሩ ዕድል ስለተሰጣቸው፣ እንዳንቺ ቤት ሁሉ እዚያም «ማንም አልተባረረም» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ስንት አዲስ ዲለር በእንዲህ ዓይነቶቹ ትንንሽ የመሃል ከተማ ቤቶች እጁን አፍታቶ ነበር ትልልቆቹ ካሲኖዎች ወደተደረደሩበት ጎዳና፣ ወደ ስትሪፑ፣ የሚሻገረው! ጀማሪን የሚቀበለው ጠረጴዛ መጀመሪያ የሚነሣው ነው። እህትሽ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታ ብትጨርስ፣ ኦዲሽን (የችሎታ ፈተና) የምታደርግባቸው ቤቶች ቁጥር አንቺ ስትጀምሪ ከነበረው ያነሰ ነው። ከነሱ አንዱ ቢወስዳትም መጀመሪያ የምትሆነው ሲፈልጉ የሚጠሯት ሠራተኛ ነው፣ በአገልግሎት ዘመን የሚገኝ ቅድሚያ ስለሌላት ኧርሊ አውቱ የሚጀምረው ከሷ ነው።

የአንቺ ግን ይለያል። ካሲኖዎቹ ሰውን ከማይነኩባቸው ጨዋታዎች ዋነኛው ባካራት የተባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ከእስያ የሚመጡት ትልልቅ ተጫዋቾች ካርታውን ከጫፉ ቀስ እያሉ አጠፍ አድርገው፣ ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት የጎን ምልክቱን እየቆጠሩ ማየት ይወዳሉ፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይንጠለጠላል። ይህን ስክሪን አይሰጣቸውም። የዳይሱ ጨዋታ ክራፕስም በሥርዓቱ ሲሠራ አራት ሰው የሚፈልግ፣ ለመማር ከሁሉ የሚከብድ ጨዋታ ነው። እርግጥ አሁን ውርርዱ በስክሪን ሆኖ ዳይሱ ብቻ በእጅ የሚወረወርበት፣ አንድ ሁለት ሠራተኛ የሚበቃው ክራፕስም መጥቷል። ቢሆንም ሁለቱንም የሚችል ዲለር እጥረት ስላለ፣ በእጁ ሦስት አራት ጨዋታ ያለው ሰው ሁለት ብቻ ከሚችለው በኋላ ነው ወደ ቤት የሚላከው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ በዚህ በስድስት ወር ውስጥ ባካራትን መጨመር ይሁን። ብዙ ካሲኖ ለራሱ ሠራተኞች ያስተምራል፣ ጠይቂያቸው። ክራፕስን ከዚያ በኋላ ትደርሺበታለሽ።

ፍሎር ለመሆን አታመልክቺ። ይህን ስልሽ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝ አውቃለሁ፤ ፍሎር መሆን ዕድገት ነው፣ ሱፍ ያስለብሳል፣ ቆሞ ካርታ ከማደልም ይገላግላል። ነገር ግን ፍሎሩ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ አስቢው፦ ማን ምን ያህል አሲዞ ምን ያህል ሰዓት እንደተጫወተ መመዝገብ፣ ቺፕስ ሲጎድል ማስሞላት፣ ክፍያ ትክክል መሆኑን ማየት። ቺፕሱ ውስጥ የሚቀበረው አርኤፍአይዲ (በሬዲዮ የሚነበብ መለያ) እና ካርታ የሚያነበው ሹ (የካርታ ማውጫው ሣጥን) ይህንኑ ራሱ እንዲሠሩ ነው የተሠሩት። በቻይናዋ የቁማር ከተማ ማካው ውስጥ ትልልቆቹ ካሲኖዎች እንዲህ ያሉ ጠረጴዛዎችን በብዛት አስገብተዋል፤ ካርታውን አሁንም ሰው ያድላል፣ ውርርዱን ግን ጠረጴዛው ራሱ ይቆጥራል። ይህ ሲስፋፋ አንድ ፍሎር ከበፊቱ ብዙ ጠረጴዛ እንዲጠብቅ ይደረጋል፣ የፍሎር ቁጥር ይቀንሳል። በብዙ ቤት ደግሞ ፍሎር ስትሆኚ ከቲፑ ትወጫለሽ። ቲፕሽን ጥለሽ፣ ከዲለርነት ቀድሞ ወደሚሳሳ ቦታ መሄድ አይበጅሽም።

ኒው ጀርሲን በተመለከተ አጭር ነኝ። ኔቫዳ ውስጥ ከካሲኖ ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚፈቀደው ፖከር ብቻ ስለሆነ በካሜራ ፊት የሚታደልባቸው ስቱዲዮዎች ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋንና ኮኔቲከት ነው ያሉት። ሥራው እውነተኛ ነው። ነገር ግን አንድ ዲለር ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚያድል እንዳንቺ ያለው ቲፕ የለም፣ የሰዓት ክፍያ ነው። ይህን ሥራ ከሌሎች በላይ ያስፋፋው የስዊድኑ ኢቮሉሽን ትልልቅ ስቱዲዮዎቹን ያቆመው ሪጋና ትብሊሲ ነው፤ በ2024 ትብሊሲ ያሉት ሠራተኞቹ በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት አድማ መተዋል። ላስ ቬጋስ ያለውን ቤትሽንና የልጆችሽን ትምህርት ቤት ትተሽ ወደዚያ የምትሄጂበት ምክንያት አላየሁም።

አሁን ወደ ሰዓትሽ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ካሲኖዎች ዲለር በመቀነስ አይጀምሩም። በመጀመሪያ ኧርሊ አውት ይበዛል፣ ቀጥሎ የለቀቀ ሰው ቦታ ሳይሞላ ይቀራል፣ ከዚያ ፉል ታይም የነበረው ቦታ ለሁለት ፓርት ታይም ይከፈላል። «ማንም አልተባረረም» የሚለው ቃል በዚህ ሁሉ መሃል እውነት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ደብተር ያዢ። በየሳምንቱ ስንት ሰዓት ሠራሽ፣ በግድ የተላክሽበት ስንት ነው፣ ቲፑ በሰዓት ስንት ደረሰ፣ በሺፍትሽ ስንት ጠረጴዛ ተከፈተ፣ ይህን ጻፊ። የሦስት ወሩን አማካይ ካለፈው ዓመት የደመወዝ ወረቀትሽ ጋር አስተያዪው። የሰዓትሽ አማካይ ከፉል ታይም በታች ወርዶ ከቀረ የጤና መድንሽም አደጋ ላይ ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ ከአሁኑ ሰው ኃይል ቢሮ ጠይቀሽ በጽሑፍ አግኚ። ሰዓትሽ በጣም ከወረደ ደግሞ ሥራ ላይ እያለሽም ከክልሉ የሥራ አጥ ድጎማ በከፊል ማመልከት እንደሚቻል እወቂ። ብዙ ወገኖቻችን ሙሉ በሙሉ ካልተባረሩ የማይገባቸው እየመሰላቸው ትተውታል።

ማኅበር አለሽ ወይ? ደብዳቤሽ አይናገርም። ኩሊነሪ ዩኒየን የተባለው የላስ ቬጋስ ማኅበር የጽዳት፣ የኩሽናና የመስተንግዶ ሠራተኞችን በ2018 ውል ላይ በአዲስ ቴክኖሎጂ ፊት ማስጠንቀቂያና ሥልጠና እንዲያገኙ አድርጓል፤ በ2023 ደግሞ ሥራው በቴክኖሎጂ ምክንያት ለቀረበት ሠራተኛ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2,000 ዶላር እንዲከፈለው አስፈርሟል። እንዳንቺ 12 ዓመት ላገለገለ ሰው 24,000 ዶላር ማለት ነው። ነገር ግን ኩሊነሪ ዲለሮችን አያቅፍም። የዲለሮች ማኅበር ያለው በጥቂት ቤቶች ነው፤ ሲዛርስ ፓላስና ዊን ያሉት ዲለሮች በማኅበር ተደራጅተዋል። ዲትሮይት ውስጥ ዲለሮችን ጨምሮ የሦስቱ ካሲኖዎች ሠራተኞች በ2023 ከአንድ ወር በላይ አድማ መትተው ያገኙት ውል ስለ ቴክኖሎጂ የሚናገር ክፍል አለው። አንቺ ቤት ማኅበር ከሌለ የሚጠብቅሽ የፌዴራሉ ሕግ ብቻ ነው። እሱም ትልቅ ድርጅት የሥራ ቦታ ሲዘጋ ወይም ሰው በጅምላ ሲያሰናብት፣ በአንድ ቦታ ቢያንስ 50 ሰው ከተነካ፣ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሰዓት ጥቂት በጥቂት ሲሸረፍ ግን ያ ሕግ አይደርስልሽም። ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ስለ ማኅበር መነጋገር መብታችሁ ነው፣ ሕግ ይጠብቃችኋል።

ከጠረጴዛው ውጪስ? ሙያሽን እዚያው ጥለሽው የምትሄጂ አይምሰልሽ። ካሲኖዎች በአንድ የጨዋታ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስን ሰው ለመንግሥት ማሳወቅ አለባቸው፤ አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴንም እንዲሁ። በዚህ ሥራ ላይ ስላላገጡ ዊን ላስ ቬጋስ በ2024 ከፌዴራል መንግሥት ጋር ተስማምቶ 130 ሚሊዮን ዶላር ተወርሶበታል፣ ሪዞርትስ ወርልድ በ2025 ለኔቫዳ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ መከበሩን የሚከታተለው፣ ኮምፕላያንስ የሚባለው ቢሮ ቀልድ አይደለም። ማሽን አጠራጣሪ ቁጥር ይለቅማል፤ ሁለት ሰዎች ሩሌት ላይ ቀይና ጥቁር ተካፍለው እያሲያዙ ገንዘብ እንደሚያዘዋውሩ፣ ቺፕስ ከኪስ ወደ ኪስ እንዴት እንደሚተላለፍ የምታውቂው ግን ጠረጴዛው ላይ 12 ዓመት የቆምሽው አንቺ ነሽ። ለዚህ የሚያስፈልግሽ የጽሑፍ እንግሊዝኛ፣ ኤክሴልና የፀረ ገንዘብ ማጠብ ኮርስ ነው። ኮሌጅ ኦፍ ሰዘርን ኔቫዳ የማታ ትምህርት አለው። ክላርክ ካውንቲ ውስጥ ያሉት የኢምፕሎይ ኔቫዳ ማዕከላትም በፌዴራል ገንዘብ የሥልጠና ክፍያ የሚሸፍኑበት ፕሮግራም አላቸው፤ ሥራ እስኪጠፋ ሳትጠብቂ ሄደሽ ተመዝገቢ። በካሲኖ ውስጥ መቆየት ካልፈለግሽም ይህ ዕውቀት ባንክ ውስጥ ይሠራል።

ገንዘቡን ከየት ላምጣ ካልሽ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። በ2025 የወጣው የግብር ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ የፌዴራል ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል፣ ዲለሮችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ባለትዳር ስለሆንሽ ይህን የምታገኚው ከባለቤትሽ ጋር በአንድ ላይ ግብር ካሳወቃችሁ ብቻ ነው። ግብርሽን በሚሠራልሽ ሰው ላይ ተመርኩዘሽ ዝም አትበዪ፣ እራስሽ ጠይቂ። ከዚያ የሚተርፈውን ዕቁብ ውስጥ ከመጨመርሽ ወይም አገር ቤት ከመላክሽ በፊት ለትምህርትሽ ለይተሽ አስቀምጪው። ሕጉ ጊዜያዊ ነው፣ ሥራሽም ገና ጥሩ ላይ ነው፤ ሁለቱ የተገጣጠሙበት ዘመን ይኸው ነው። ቲፕሽን በሙሉ ማስመዝገብሽንም አትተዪ፤ የሥራ አጥ ድጎማውም የጡረታ ገንዘቡም የሚሰላው ከተመዘገበው ላይ ነው።

ስለ ባለቤትሽ አልጠየቅሽኝም። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከመስከረም 2025 ጀምሮ ዙክስ የተባለው ሾፌር የሌለው መኪና ስትሪፑ አካባቢ ሰው እየጫነ ነው። አንቺ ካርታ ታድያለሽ፣ እሱ ሰው ያመላልሳል፣ ሥራችሁ የተለያየ ይመስላል። ግን ሁለታችሁም የምትበሉት ከአንድ ጎብኚ ኪስ ነው፣ አሁን ደግሞ ሁለታችሁንም አንድ ዓይነት ነገር እየተጠጋችሁ ነው። በመጋቢት 2020 ካሲኖዎች ተዘግተው እስከ ሰኔ ሲቆዩ በኔቫዳ ከአራት ሠራተኛ ከአንድ በላይ ሥራ አጥ እንደነበር ትዝ ይልሻል፤ በናንተም ቤት ሁለቱ ገቢ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የቆመው ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ በዚህ ቤት መጀመሪያ ከቱሪስት መውጣት ያለበት እሱ ነው። ያንቺ ሥራ ከሱ ይልቅ ስለሚቆይ፣ አንቺ ቤቱን ይዘሽ እሱ ይማር። የንግድ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የከተማ አውቶቡስ ወይም የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት፣ ወይም በዚያ ሙቀት መቼም ሥራ የማያጣውን የኤር ኮንዲሽነር ጥገና መማር ይችላል። የትምህርት ቤት አውቶቡሱ ከኡበር ያነሰ ሊያስገኝ ይችላል፣ ግን የጤና መድን አለው፤ ያንቺ መድን አደጋ ላይ ሲሆን የቤቱ መድን በሱ በኩል ይሆናል። ይህን ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ወንድ ልጅ «ሥራህ ሊያልቅ ነው» ሲባል ሆዱ ይሻክራል፤ በራስሽ ሥራ ጀምረሽ አንሺው።

ያቺ ቤተ ክርስቲያን ያናገረችሽ ሴት ያለችውን ከሆድሽ አውጪው። ጎልደን ጌት ጠረጴዛዎቹን ያነሣው የባለቤቱ ሒሳብ ስለታዘዘው ነው። አንቺ ቆመሽ ሠርተሽ፣ ጭስ እየሳብሽ፣ እናትሽን ጦረሽ፣ ልጆች አሳድገሽ፣ ቤት ገዝተሽበታል። ቁማር የብዙ ሰው ቤት እንደሚያፈርስ አውቃለሁ፤ ከወገኖቻችንም ደመወዙን ማሽን ላይ ጥሎ የሚገባ አለ፣ ይህ ያሳዝነኛል። ያ ጥያቄ በሕሊናሽ ካለ ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ፍርድ ከምትናገር ሴት ግን አትቀበዪው።

እህትሽን በሚመለከት ቃልሽን አጠፍሽ ማለት አይደለም። ቃል የገባሽላት ራሷን እንድትችል ልትረጃት ነው፣ መንገዱን ብቻ ነው የምትቀይሪው። ግልጹን ንገሪያት፤ «አንቺ ሆነሽ እየሠራሽ እኔን ለምን ትከለክይኛለሽ?» ትልሽ ይሆናል፣ የጎልደን ጌትን ነገርና ደብተርሽን አሳያት። ዲለርነትን በጣም ከወደደችው፣ ለትምህርቷ መክፈያ የማታ ሥራ አድርጋ ብትይዘው አልቃወምም፤ ብቸኛ ሙያዋ ግን አይሁን። በዲቪ ስለመጣች ግሪን ካርድ አላት፣ ስለዚህ የፌዴራሉን የተማሪ ዕርዳታ ማመልከት ትችላለች። ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ በነፃ ትሞላለች፣ ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ የማይመለሰውን ፔል ግራንት ልታገኝ ትችላለች። «ቅጹን እሞላላችኋለሁ» ለሚል ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍዪ። የነዋሪ ክፍያ የሚባለውን ርካሹን ዋጋ ለማግኘት ኔቫዳ ውስጥ 12 ወር መቀመጧን ማሳየት አለባት፤ የመጣችበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት፣ በስሟ የተከፈተ የባንክ ሒሳብና መታወቂያ ከአሁኑ ሰብስቢላት። እስከዚያ በቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ትግባ፣ ኮሌጁ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ደረጃዋን ሲያይ ከፍ ብላ እንድትጀምር።

ለዲለር ትምህርት ቤት ያስቀመጥሽውን ገንዘብ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ይሁናት። ነርስነት ይሁን፣ ራዲዮሎጂ ይሁን፣ ሌላ፣ ምን እንደምትወድ ደብዳቤሽ ላይ የለም። ራሷ ትጻፍልኝ፤ አገር ቤት ምን ተምራ እንደመጣች፣ ደም ማየት ትችል እንደሆነ፣ ሌሊት መሥራት ይከብዳት እንደሆነ ትንገረኝ። ከዚያ ስለ ኮርሱ እንነጋገራለን።